ሲኞራን ወደ ጭሱ ከተማ የወሰድኩበት ሁዳዴ

የካቲት 24፣ እሑድ። ሮማ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሪካርዶን ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ስድስት ዓመት የማስታምማቸው የሲኞራ አዴሌ አንድ ልጅ ነው። የሚኖረው ሚላኖ ነው፤ እናቱን ሊያይ ብቅ ሲል እንኳ ከሳሎን አያልፍም። ዛሬ ግን ኩሽና፣ የኔ ወንበር ላይ፣ በራሱ እጅ ቡና አፍልቶ! ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

«ዘርፌ፣ ተቀመጪ» አለኝ። እናቱ በዚህ ሳላቸው የሮማን ብርድ ከእንግዲህ አይችሉትም። ሐኪሙ ሞቃት አገር ብሏል። ታይላንድ ውስጥ ቺያንግ ማይ የምትባል ከተማ አለች፤ ተራራ የከበባት፣ አየሯ መድኃኒት። እዚያ የአረጋውያን ማረፊያ ያለው ወዳጅ አለው። ሁለት ወር አርፈው ይመለሳሉ።

«አንቺም አብረሻት ትሄጃለሽ። ያለ አንቺ እሺ አትልም።»

ብርዱ እኮ እያለቀ ነው አልኩት። «ሳሉ ግን አላለቀም» አለኝ። ስልኩ ላይ የተራራውን ፎቶ አሳየኝ። አረንጓዴ፣ አናቱ ላይ የወርቅ ቤተ መቅደስ።

እውነቱን ልጻፈው፣ ደስ አለኝ። ሮማ ከገባሁ ከኦስቲያ ባሕር ወዲያ ተሻግሬ አላውቅም።

የካቲት 27፣ ረቡዕ።

ሲኞራ እንቢ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላቲን ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ እንቢ ሲሉ ቤቱ ጸጥ ይላል። «እኔ የምሞተው እዚሁ አልጋዬ ላይ ነው፤ ደግሞም አልቸኮልኩም» አሉ። ሪካርዶ በዓይኑ ጠቀሰኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ። «ሁለት ወር ምን አላት ሲኞራ? አብሬዎት አይደለሁ?» አልኳቸው።

«አሎራ፣ እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉ።

እህቴ ሰብለወንጌል ከአዲስ አበባ ደውላ ነበር። እማዬ ትጠይቅሻለች ትላለች። ሻንጣ እያዘጋጀሁ ስለነበር ነገ እደውላለሁ አልኳት።

መጋቢት 1፣ እሑድ።

ነገ ጾም ይያዛል። ሽሮ ልገዛ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሠፈር ወዳጄ ጌጤ ሱቅ ሄድኩ። ጌጤ ስትሰማ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «ሰው እናቱን ለሳል ብሎ እስያ ድረስ ይወስዳል? ናፖሊ ምን ሆነች? ሲቺሊያ ምን ሆነች?»

«አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስልሻል» ብያት ወጣሁ። ተናድጄ ነበር። በእሷ መሰለኝ።

እማዬጋ አልደወልኩም።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ። ቺያንግ ማይ።

ደረስን። ሪካርዶም አብሮን መጥቷል። የሲኞራ እግር አብጧል። ከአውሮፕላን ስንወርድ የሆነ ነገር የሚቃጠል ሸተተኝ፤ ሰው ግን ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ተራራውን ፈለግሁት። የለም። ነገ እጽፋለሁ።

መጋቢት 6፣ ዓርብ።

የሚቃጠለው አገሩ ነው! በዚህ ወቅት እርሻውም ጫካውም ይቃጠላል አሉ። ጭሱ ከተማው ላይ ይተኛና ዝናብ እስኪመጣ አይነሳም። ፀሐይዋ በቀትር እንደ እንቁላል አስኳል ሆና ትታያለች፤ ዓይን ሳይጨፍኑ ትክ ብሎ ማየት ይቻላል። ሕዝቡ አፍንጫውን ሸፍኖ ይሄዳል። በሳል የሚሰቃዩ ሴትዮ ለአየር ተብለው እዚህ! ለሪካርዶ ስነግረው «ጊዜያዊ ነው» አለኝ። እሱ ራሱ አፍንጫውን በማስክ ሸፍኖ።

ማረፊያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የሣር ሜዳ፣ የዓሣ ኩሬ፣ በረንዳ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች። ንጹሕ ነው፤ ያ ራሱ ያናድደኛል፤ የምሰድበው ነገር አጣሁ። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ከተማ ወጣን። መሐሉ አራት ማዕዘን ሆኖ በውኃ ቦይ ተከቧል፤ በቦዩ ዳር የፈረሰ የጡብ ግንብ አለ። ሲኞራ «ግንብ ልታሳየኝ ከሮማ አወጣኸኝ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም።

ታክሲያቸው ቀይ ነው፤ ከኋላው ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት አግዳሚዎች አሉት። ልክ የድሮው ውይይት! ልቤ ዘለለ። ግን ዊልቸር አይገባበትም። እግረኛ መንገዱ ላይም አይገፋም፤ ምጣድና ብረት ድስቱ፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ የሚተኛ ውሻ፣ ሁሉም እዚያ ነው። መሐል አስፋልት ላይ እየገፋሁ ሞተሮቹ በግራም በቀኝም እንደ ውኃ ተከፍለው አለፉን። አንድም አልተሳደበም። ሮማ ቢሆን እናቴ ሳትቀር ተሰድባ ነበር።

በየቤቱ ደጃፍ ደግሞ ምሰሶ ላይ የቆመች የአሻንጉሊት ቤት የምታህል ቤት አለች። አበባ ተደርጎላታል፤ ቀይ ፋንታ ከነስትሮው ተከፍቶ ተቀምጦላታል። ለማን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ለቦታው ባለቤት መንፈስ ነው አሉኝ። በፋንታ ይደልሉታል! አማተብሁ።

ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። ምን ተገኝቶ ነው? ፍራፍሬ የምትሸጥ አሮጊት ፀጉሬን ዳበስ አድርጋ አንድ ማንጎ በነጻ ሰጠችኝ። ሁለት ልጃገረዶች አብረሽን ፎቶ ተነሺ አሉኝ። ሮማ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፖሊሱ ከሰው ሁሉ እኔን መርጦ ዶኩሜንቲ፣ መታወቂያ አምጪ ይለኛል፤ እዚህ ደግሞ ከሰው ሁሉ እኔ ለፎቶ እመረጣለሁ። እንዲያው ዝም ብለው የሚያልፉኝ አገር የለም?

መጋቢት 9፣ ሰኞ።

ሪካርዶ ዛሬ ሄደ። ሥራ አለብኝ አለ። እናቱን ግንባራቸው ላይ ሳመ፤ ሁለት ጊዜ። በር ድረስ ስሸኘው የሲኞራን ወፍራም ካፖርት ከሻንጣው ጋር በክንዱ ይዞታል።

«ካፖርቱን የት?»

«እዚህ ምን ያደርግላታል? ቦታ ይይዛል።»

ስንመለስ ብርድ ቢሆንስ ልለው ስል መኪናው መጣ። ግንቦት ላይ ብርድ የለም እንግዲህ። ቢሆንም።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ።

ሲኞራ ሌሊቱን ሲያስሉ አደሩ። መስኮቱ ዝግ ነው፣ የአየር ማጣሪያው ይጮኻል፣ ጭሱ ግን ይገባል። ጎሕ ሲቀድ አየር ልቀበል ብዬ፣ የምን አየር፣ ብቻ ወደ መንገዱ ወጣሁ። መነኮሳት መጡ። ባዶ እግራቸውን፣ ብርቱካናማ ልብስ ተጎናጽፈው፣ በሰልፍ። የሠፈሩ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ተንበርክከው የበሰለ ሩዝ በየሳህናቸው ይሰጣሉ። መነኮሳቱ ምርቃቱን በዜማ አደረጉ። ቋንቋው አይገባኝም፤ ዜማው ግን የቅዳሴ ቤት ነገር አለው። ሳላስበው ነጠላዬን አመሳቅዬ ቆሜያለሁ። ከዚያ ራሴን ተቆጣሁ። በጾም በማይገባሽ ጸሎት ምን አቆመሽ!

የጾም ነገር አልቸገረኝም። ቢጫ ባንዲራ ላይ ቀይ ፊደል የሰቀለ ምግብ ቤት ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይነካም፤ ሽንኩርት እንኳ አያገባም። ከእኛ ይብሳሉ።

መጋቢት 15፣ እሑድ።

ኖይ የምትባለዋ አስታማሚ ትመጣብኛለች። ከጠዋት እስከ ማታ የሲኞራ ክፍል ናት። ገላቸውን እኔ ላጥብ ስል ፎጣውን ይዛ ቆማለች። እግራቸውን በሎሚ ሣር ውኃ ዘፍዝፋ፣ እያንጎራጎረች ታሻቸዋለች። ሲኞራ ዓይናቸውን ጨፍነው «ኬ ብራቫ» ይላሉ፤ እንዴት ያለች ጎበዝ ማለታቸው ነው። ለእኔ ስድስት ዓመት «ውኃው ፈላ፣ ውኃው በረደ» ነው። ዛሬ ደግሞ ጣልያንኛ አስተምሩኝ ብላ «ቡኦና ኖቴ»፣ ደህና እደሩ፣ ስትል ሲኞራ እንደ ሕፃን ሣቁ።

ምንም አይደለም። እጇ ንጹሕ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

መጋቢት 20፣ ዓርብ።

ቆሜ ነው የምጽፈው።

ኖይ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። የሲኞራን የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ የሌሊት ልብስ። እያንዳንዱ ላይ በታይ ፊደል የተጻፈ ትንሽ ጨርቅ። ምንድነው አልኳት በዚያች ተማሪ ቤት በቀረችው እንግሊዝኛዬ። «ስሟ ነው። ለልብስ አጠባ። እንዳይጠፋ።» ለሁለት ወር? «ሁለት ወር?» አለች። አየችኝ። ከዚያ ወደ ስፌቷ አቀረቀረች።

ሲኞር ብሩኖጋ ሄድኩ። ከስዊዘርላንድ የመጡ፣ ጣልያንኛ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጎረቤታችን።

«ሲኞር፣ እዚህ ሰው ስንት ጊዜ ይቆያል?»

ጋዜጣቸውን አጠፉት። «እኔን ልጄ ለሦስት ሳምንት ብላ ነው ያመጣችኝ» አሉ። «አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አገራችን ያለው ማረፊያ በጣም ውድ ነው፤ እዚህ ደግሞ እንደምታዪው ደህና ይይዙናል። ከዚህ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ግን አላየሁም። አልነገሯችሁም?»

አልነገሩንም! እኔን ማባበያ አደረገኝ። እጃቸውን ይዤ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። «አብሬዎት አይደለሁ» ያልኩት በዚህ ምላሴ ነው።

የኔ የመመለሻ ቲኬት አለ። የሳቸው መኖሩን ጠይቄ አላውቅም። ጌጤ ምን እንዳለች አስታወስኩ።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ።

ለሪካርዶ ደወልኩ። መጀመሪያ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ብዬ በደህና ጠየቅሁት። ተንተባተበ። ከዚያ እሳቸው እንደማይመለሱ አመነ። ልነግርሽ ነበር፣ አንቺ ስትመለሺ ሌላ ሥራ እፈልግልሻለሁ፣ ኮንትራቶ እጽፍልሻለሁ፣ እናቴ ደግሞ ትለምደዋለች፣ እንዲያውም አስታማሚዋን ወዳታለች ብለውኛል አለኝ።

«ላቲን ያስተማሩ ሴት እንደ ዕቃ ጣልካቸው!» ብዬ ጮኽኩበት። ኩሬው ዳር ቆሜ። ዓሦቹ ሳይቀሩ የሸሹ መሰለኝ።

እሱም ጮኸ። አንድ ነገር ተናገረኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ዘጋሁበት።

መጋቢት 22፣ እሑድ።

ልንገራቸው? ሳላቸው ብሷል። ብነግራቸው ልባቸው ቢቆምስ? ባልነግራቸው ደግሞ እኔና ሪካርዶ በምን እንለያለን? ዛሬ ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። አንዴ «ትራሱ ይመቻል?» አልኩ።

መጋቢት 23፣ ሰኞ።

ነገርኳቸው። ቁርስ ላይ። እንባዬ ቀደመኝ እንጂ በሥርዓት ልነግራቸው ነበር።

ሲኞራ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። «ካፖርቴን ወስዶታል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ያንን ካፖርት አባቱ ነው የገዛልኝ» አሉ። ኖይ እግራቸውን ልታሽ ስትመጣ ሰበሰቡት። እኔም ልሸፍናቸው ስል እጄን ገፉት።

«አንቺ አታውቂም ነበር?» አሉኝ ሲመሽ።

«በእግዚአብሔር አላውቅም ነበር።»

«ማወቅ ግን ትችዪ ነበር» አሉ።

ሂጂና ተኚ አሉኝ።

መጋቢት 26፣ ሐሙስ።

ሲኞራ ዛሬ ጥርሳቸውን አድርገው፣ ሊፒስቲክ ተቀብተው ተነሡ። «ፓስፖርቴን አምጪልኝ» አሉ፤ ስንገባ የማረፊያው ቢሮ ተቀብሎን ነበር። ቢሮው ያለው ኃላፊ፣ ነጭ ሸሚዙ ለአፍታ የማይጨማደድ አውሮፓዊ ነው፤ ፈገግ ብሎ፣ የፈረሙት ልጅየው ስለሆኑ የልጅየው ፈቃድ ያስፈልጋል አለኝ። እሳቸው ሕፃን አይደሉም አልኩት። «ሲኞራ ግራ ተጋብተዋል፤ አንቺ ደግሞ ስሜታዊ ነሽ» አለኝ።

ስሜታዊ! ሰው ሲናደድ ጥቁር ከሆነ ስሜታዊ ይባላል።

መጋቢት 27፣ ዓርብ።

ይህን ቀን እንዳለ ልጻፈው።

ከቁርስ በኋላ ሲኞራ «ቢሮው በር ላይ ግፊኝ» አሉኝ። ገፋኋቸው። ፍሬን አስይዥው አሉ። አስያዝኩ። ኃላፊው ወጥቶ «ምን ላድርግልዎ?» ሲላቸው፣ «ምንም። ፓስፖርቴን እየጠበቅሁ ነው» አሉት። ጭሱ ያን ቀን የባሰ ነበር፤ የሜዳው ጫፍ አይታይም። ወደ ውስጥ ይግቡ ቢላቸው እንቢ። ምሳ ቢቀርብላቸው እንቢ። እያሳሉ ተቀምጠዋል። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እንተወው ብላቸው ጣታቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ፤ እንደ ተማሪ።

ከዚያ ሲኞር ብሩኖ በከዘራቸው እየተደገፉ፣ በሌላ እጃቸው ወንበር እየጎተቱ መጡ። አጠገባቸው አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ጋዜጣቸውን ገለጡ። ቀጥሎ ጀርመናዊቷ አሮጊት ከነሹራብ ሥራቸው መጡ። ቀጥሎ ባልና ሚስት። ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው። በሩ በወንበር ተዘጋ። ኖይ ከኩሽና ብቅ ብላ አየች። ተመልሳ ገባች፤ ከዚያ ለሁሉም ውኃ በትሪ ይዛ ወጣች። ኃላፊው አያት። እሷ መሬት መሬት እያየች ውኃውን አደለች።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሊጎበኝ መጣ። እናታቸውን ሊያስገቡ የሚያስቡ ፈረንሳዊ ወንድምና እህት። በሩ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አይተው «ምን ሆነው ነው?» አሉ። ሲኞራ በፈረንሳይኛ መለሱላቸው። ረጅም መልስ ነበር። ኃላፊው ገብቶ ፓስፖርቱን ይዞ ወጣ።

ሲኞራ ሲቀበሉት «ግራዚዬ» ብለው አመሰገኑት። እኔ ግን አላልኩትም።

መጋቢት 30፣ ሰኞ።

ለቲኬት ሮጥን። የጡረታ ካርዳቸው ቦርሳቸው ውስጥ ነበር፤ ሪካርዶ ካፖርት እንጂ ካርድ ማንሣት አላሰበም። ጌጤ ሮማ ካለው የጉዞ ቢሮ ስልክ ላይ ሆና አገዘችኝ። «አላልኩሽም?» አላለችኝም። እግዚአብሔር ይስጣት። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ቦታ የተገኘው ለሌላው ሳምንት ነው።

ሰብለወንጌል ደውላ ነበር። አላነሣሁም። እሷ ስትደውል አሁን ሪካርዶ ያለኝ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ።

ዛሬ ያገሬው ዘመን መለወጫ ነው። ከተማው አብዷል። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ፖሊስ ሳይቀር ውኃ ይረጫጫል። ሌሊት ዘንቦ ነበር። ጠዋት በረንዳ ላይ ስወጣ ተራራው ቆሟል! ያ ፎቶ ላይ ያየሁት፤ አረንጓዴው፣ የወርቁ ቤተ መቅደስ። ለካ እውነት ነበር። ስንሄድ ተገለጠ። በተራራ እንኳ ተናደድኩ።

ኖይ ንጹሕ ልብስ ለብሳ መጣች። አበባ የተነሰነሰበት ውኃ በብር ሳህን ይዛለች። ሲኞራ እግር ሥር ተንበረከከች፤ መዳፋቸው ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች። ወጣት ለሽማግሌ እንዲህ ያደርጋል፤ ሽማግሌው ይመርቃል አሉን። ሲኞራ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው በላቲን መረቋት። ኖይ አለቀሰች። ስትነሣ እናቷ ድንበር አካባቢ ባለ መንደር እንዳለች፣ ዘንድሮም ሥራ ስለሆነ እንዳልሄደችላት ነገረችኝ። የእናቷን እጅ የጎረቤት ልጅ ነው የሚያጥባት። «ብር እልካለሁ» አለች።

እጇ ንጹሕ መሆኑን እጠራጠራለሁ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሪካርዶ በስልክ ያለኝን ልጻፈው እንግዲህ። «የአንቺን እናት ማነው የሚያጥባት?» ነው ያለኝ። «አንቺም ትልኪያለሽ፣ እኔም እከፍላለሁ። ልዩነታችን ምንድነው?»

ልዩነት አለን። እኔ የሄድኩት ላበላት ነው። የሱ ግን ... አለን። ልዩነት አለን።

ማታውኑ እማዬጋ ደወልኩ። ሠራተኛዋ አነሣችና ስልኩን ሰጠቻት። «እማዬ!» አልኳት። በዚያ ለእንግዳ ሰው በምታወጣው ድምፅዋ፣

«ማን ልበል እመቤቴ?» አለችኝ።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ። ሮማ።

በረራው ሊገድላቸው ምንም አልቀረው። ቢሆንም ሊፒስቲካቸውን ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ተቀቡ።

የቤታችን በር አጠገብ ቁጥር የሚጫንባት ትንሽ የብረት የቁልፍ ሣጥን ተገጥማለች። ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ እስከ እኛ መንገድ በየበሩ አይቻታለሁ፤ ቤቱ ለእንግዳ እንደሚከራይ ምልክት ናት። የኛ በር ላይ አየኋትና አሁንም የጎረቤት መሰለችኝ። የሲኞራ ቁልፍ ግን አልዞር አለ። ደወልን።

ጸጉሯን በፎጣ የጠቀለለች ልጅ ከፈተች። ከኋላዋ ወጣት ወንድ። ከኮርያ የመጡ ሙሽሮች ናቸው፤ ሮማ ከገቡ ገና ሁለተኛ ቀናቸው። ሲኞራ በትሕትና «ደህና ዋላችሁ፣ ቤቴ ነው» አሏቸው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አስተረጎመ። አነበበው። ፊቱ ቀላ። ለሚስቱ አሳያት። ሁለቱም ጎንበስ፣ ጎንበስ።

ገባን። ግድግዳው ሁሉ ነጭ ተቀብቷል። መጻሕፍቱ የሉም። የባላቸው ፎቶ የለም። እሱ የነበረበት ቦታ የኮሎሴዎ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ሮማ ውስጥ፣ ሮማዊት ቤት፣ የኮሎሴዎ ፎቶ! የኔ ክፍል ሁለት ተደራራቢ አልጋ ሆናለች። ለካ ለዚህ ነው! ለሳል አይደለም፣ ለብርድ አይደለም። ለሻንጣ ጎታች ነው።

ልጅቷ እያለቀሰች ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትወረውራለች። ሲኞራ ያዟት። «እናንተ ምን አደረጋችሁ? እንግዶቼ ናችሁ። እኔ አልጋዬ ላይ እተኛለሁ፤ እናንተ ሳሎን። ነገ ደግሞ የት መሄድ እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ፤ ያ ፎቶ ላይ ያለውን አይደለም» አሏቸው። ልጁ አልጋውን ራሱ አነጠፈላቸው። ሲኞራ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተኙበት።

ሚያዝያ 11፣ ዓርብ።

ሪካርዶ ከሚላኖ መጣ። እኔ በሩን የከፈትኩት ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር። ፊቱን ሳይ ጠፋብኝ፤ ጢሙን አልላጨም፣ ያረጀ መሰለኝ። እናቱ ፊት ቆሞ፣ ሥራው እንደተዘጋ፣ ማንም እንደማያውቅ፣ ሚስቱም እንደማታውቅ ተናገረ። «ብቻዬን ነኝ፣ ማማ።»

«እኔስ?» አሉት ሲኞራ። «ጠይቀኸኝ ቢሆን ሳሎኑን ራሴ አከራይልህ ነበር። አልጠየቅኸኝም። እንደ ድመት በቅርጫት ወሰድከኝ።»

እሱ አለቀሰ። አላዘንኩለትም። ትንሽ አዝኛለሁ። ካፖርቱን እንዲመልስ፣ መጻሕፍቱን ከምድር ቤት እንዲያወጣ፣ ሣጥኗንም ከበሩ እንዲነቅል አዘዙት። ሣጥኗን ሲነቅል ግድግዳው ተሸረፈ። ሲወጣ ደረጃው ላይ አግኝቼው የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ያንን ማለት አልነበረብኝም» አለኝ ቀድሞኝ። «ስለ እናትሽ።»

ደረጃውን ወጥቼ በሩን ዘጋሁ።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ።

ለሲኞራ ነገርኳቸው። ለፋሲካ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ እስከ ጰራቅሊጦስ እቆያለሁ፤ እስከዚያ የጌጤ ዘመድ ሳምራዊት ትይዝዎታለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት አልኳቸው።

«አንቺም ትተሽኝ?» አሉ።

«እናቴ ናት ሲኞራ።»

«ሰው ቀጥረሽላት የለ እንዴ? አሁን ነው ትዝ ያለችሽ? ከዚያ ሁሉ በኋላ ለማላውቃት ልጅ ትሰጪኛለሽ?»

ያን ጊዜ ገነፈልኩ። ያለኝን ቁጣ ሁሉ ለሪካርዶ፣ ለኃላፊው፣ ለፖሊሱ ያልሰጠሁትን ሁሉ። «ስድስት ዓመት ገላዎን አጥቤያለሁ! አንድ ቀን እናት አለሽ ወይ ብለውኛል? ታማለች ወይ ብለውኛል? እናቴ ድምፄን አታውቀውም! ማን ልበል አለችኝ!» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ኩሽና ገብቼ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

ሚያዝያ 18፣ ዓርብ።

አያናግሩኝም። ሳምራዊት መጣች፤ መድኃኒቱን፣ ትራሱን፣ ሾርባውን አሳየኋት። «ውኃው ፈላ ካሉሽ እውነት ፈልቶ አይደለም» አልኳት። ሲኞራ ሰምተዋል።

ሚያዝያ 20፣ እሑድ። ሆሳዕና።

ማታ እበርራለሁ። ከቅዳሴ መልስ ሻንጣዬን ስዘጋ የሲኞራን የእግር ድምፅ ሰማሁ። ብቻቸውን ከአልጋ ተነሥተው አያውቁም። ጥግ ቆሞ የሚውለውን የብረት መደገፊያ እየገፉ፣ ግድግዳ እየተደገፉ፣ በክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ሮጬ ልይዛቸው ስል በእጃቸው አቆሙኝ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ።

«ስሟ ማነው?» አሉኝ።

«የማን?»

«የእናትሽ።»

«ጥሩወርቅ» አልኳቸው።

ሊሉት ሞከሩ። አልተሳካም። የበሩን መቃን ያዙ።

«ቀስ ብለሽ ደግመሽ በዪው» አሉኝ።

ደግሜ አልኩት።